ወረቀት የሚመስለው ከረጢት

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምርት አያያዝ (ምርት ከተሰበሰበ በኋላ እንዳይበላሽ የማቆየት ትምህርት) ተማሪ ነሽ፤ ዘንድሮ ትመረቂያለሽ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አጎትሽ ሱቅ የተቆላ ቡና ታሽጊያለሽ። የሚያብረቀርቀውን ከረጢት በቡናማ ወረቀት ለመተካት ናሙና ሠርተሽ ለአንድ ቡና ቆልቶ ለሚሸጥ ነጋዴ ብታሳዪው «ያምራል፤ ግን ቡናዬን ትገድይብኛለሽ» አለሽ። ጥያቄሽ፦ አዲስ አበባ ሄጄ ግራፊክ ዲዛይን ልማር ወይ?

መማሩን አልጠላም። ግን ሰውዬው ሥዕሉን መቼ ነቀፈ?

እስቲ አንዱን ናሙና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። ጠዋት ወረቀቱን ስትልጪው ከሥሩ ስስ ላስቲክ ካገኘሽ፣ ወረቀት ነው ብለሽ የያዝሽው ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ተጣብቀው ስለተሠሩ መልሶ ጥቅም ላይ ለማዋልም ያስቸግራል። ላስቲክ ከሌለው ደግሞ ነጋዴው እውነቱን ነው። የተቆላ ቡና እርጥበት፣ አየርና ብርሃን ያበላሹታል፤ ራሱም ከተቆላ በኋላ ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ያ የሚያብረቀርቅ ከረጢት አልሙኒየም በላስቲኮች መሀል ተጣብቆ የተሠራውም፣ ጋዙን አስወጥታ አየር የማታስገባ ትንሿ ክብ ቫልቭ የተገጠመችለትም ለዚሁ ነው። «ይበሰብሳል» ተብሎ የሚሸጠው፣ ከዕፅዋት የሚሠራው ፒኤልኤ የተባለ ላስቲክም ቢሆን በደንብ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚሞቅ የኢንዱስትሪ ማብላያ ውስጥ ነው። አዌቱ ወንዝ ዳር ከተጣለ ከፌስታል ብዙም አይለይ። (ቡናን በኮባ እንጠቅልል የሚሉም አጋጥመውኛል። ኮባ ለድፎ ዳቦ ነው!)

እንግዲህ ያንቺ ትምህርት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የጅማ ክረምት እርጥበቱን በነፃ ያቀርብልሻል። አሁን ያለውን ከረጢት፣ የወረቀቱን፣ ከተገኘ ደግሞ ከአንድ ዓይነት ላስቲክ ብቻ የተሠራውን ያዢ። ቡና አትጨምሪባቸው፤ ቡናው ጋዝ ሲያስወጣ ክብደቱ ስለሚቀንስ ሚዛኑ ይዋሽሻል። ከላብራቶሪ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር) ለምነሽ፣ አድርቀሽ፣ እኩል እኩል መዝነሽ አሽጊባቸውና በየሳምንቱ መዝኚ። የጨመረው ክብደት የገባው እርጥበት ነው። የአንዱ ከረጢት ክብደት ድንገት ከዘለለ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ጫን በይው፤ ከአፉ በኩል አረፋ ከወጣ ጥፋቱ የአስተሻሸጉ እንጂ የከረጢቱ አይደለም። ባዶ ከረጢቶቹንም መዝኚና ለአንድ ኪሎ ቡና ስንት ግራም ማሸጊያ እንደሚወጣ አስዪ። ግማሽ ኪሎ በሚይዝ ከረጢት ሩብ ኪሎ እየሸጣችሁ ከሆነ፣ ከረጢቱን ማሳጠሩ ብቻ ብዙ ማሸጊያ ይቆጥባል።

ስለ ሥራው ባጭሩ፦ «የማሸጊያ ዲዛይነር» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አታገኚም። ጥራት ቁጥጥር፣ ምርት ልማት፣ ግዢ በሚሉት ሥር ፈልጊ። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል ተከልክሏል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብም ከ2030 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያው ላይ የሚውል ማሸጊያ፣ ከጥቂቱ በቀር፣ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችል እንዲሆን ያዝዛል። ከውጭ የሚገባውም አይቀርለትም። የተቆላ ቡና ወደዚያ መላክ የሚፈልግ ድርጅት ይህን የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ዲዛይኑን ማታ ማታ መማር ትችያለሽ፤ ይህን ግን የግራፊክ ትምህርት ቤት አይሰጥሽም።

ወደ ነጋዴው ስትመለሺ ናሙናውን ተይውና አንድ ነገር ጠይቂው፦ «ቡናህ ከተቆላ እስኪጠጣ ስንት ቀን ይቆያል?» እኔ እንደማየው እዚሁ ጅማ የሚሸጠው ብዙው በሳምንት ያልቃል። ለሳምንት ለሚቆይ ቡና አልሙኒየም ምን ያደርጋል? ለዚያኛው ቀለል ያለ ከረጢት፣ ሩቅ ለሚሄደው ደግሞ ጠንካራውን ብለሽ ከፋፍለሽ ከየዋጋቸው ጋር በአንድ ገጽ ጻፊለት። ገጿን ከመውሰድሽ በፊት ለእኔም ላኪልኝ፤ ዋጋው ላይ የሚከራከርሽን ያህል እከራከርሻለሁ።