ችግኙ ደግ ነው፤ ሲንኩስ?

ውድ የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣

በየግቢው ችግኝ መትከሉ ደግ ነው። ከላቦራቶሪው ሲንክ ምን እንደሚወርድ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ኬሚስቶቹ ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 እ.ኤ.አ. ካወጧቸው 12 የግሪን ኬሚስትሪ (አካባቢን የማይጎዳ ኬሚስትሪ) መርሆች የመጀመሪያው፣ ቆሻሻን ከማከም አለመፍጠር ይሻላል የሚለው ነው። ስለዚህ ከመጠን ጀምሩ።

40 ተማሪ በ25 ሚሊ ሊትር ናሙና ሦስት ሦስት ጊዜ ታይትሬሽን (ቀለም እስኪቀየር አንዱን በሌላው ላይ እያንጠባጠቡ መለካት) ሲሠራ 3 ሊትር አሲድና የዚያኑ ያህል ቤዝ ያልቃል። ናሙናው 5 ሚሊ ሊትር ቢሆን አሲዱም ቤዙም 600፣ 600 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው መጠኑን ቀንሳችሁ በድሮው ባለ50 ሚሊ ሊትር ቡሬት (የማንጠባጠቢያው መለኪያ ቱቦ) ስትቀጥሉ ነው። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ለ25ቱ 0.2 በመቶ፣ ለ5ቱ ግን 1 በመቶ ስሕተት ይሆናል። ጫፉ ቀጭን የሆነ ባለ10 ሚሊ ሊትር ቡሬት ፈልጉ። ከጠፋ፣ ቀለሙ ሊቀየር ሲቃረብ ግማሽ ጠብታ በፍላስኩ ግድግዳ አስነክታችሁ በተጣራ ውኃ አውርዱት።

ካፌይንን ከሻይ ቅጠል ስታወጡ ሶልቨንቱን (ማሟሚያውን ፈሳሽ) ዳይክሎሮሜቴንን በኤቲል አሴቴት መተካት ይቻላል። ምርቱ ይቀንሳል፤ መምህራችሁ ይህን ቀድመው ይወቁት። ዳይክሎሮሜቴን ከውኃው በታች ሲቀመጥ ኤቲል አሴቴት ከላይ ይንሳፈፋል። ማንዋሉ ላይ «የታችኛውን ውሰዱ» የሚለውን ሳታርሙ ከሠራችሁ ካፌይኑን ደፍታችሁ ሻዩን ትይዛላችሁ። ከተጠራጠራችሁ ሁለት ጠብታ ውኃ ጣል አድርጉ፤ ጠብታው ገብቶ የሚጠፋበት ንብርብር ውኃው ነው። ኤቲል አሴቴት ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ «አረንጓዴ» ተብሏል ብላችሁ እሳት አጠገብ እንዳታስቀምጡት!

ለኮንደንሰር (ተንን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ ለሚመልሰው ዕቃ) ቧንቧ ከፍቶ መተው ውኃ ማባከን ብቻ አይደለም፤ ውኃ ድንገት ሲሄድ የሶልቨንቱ ተን ክፍሉን ይሞላዋል። በረዶ የተጨመረበት የ20 ሊትር ባልዲና የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ይበቃል። ውኃው ከታች ገብቶ ከላይ ይውጣ፤ ቱቦዎቹን በሽቦ እሰሩ። መብራት ከጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ሆት ፕሌቱ ግን ወዲያው አይቀዘቅዝም፤ ፍላስኩን ከሆት ፕሌቱ ላይ ከፍ አድርጉት።

ዕቃ ያጠባችሁበትን አሴቶን ለቀጣዩ የመጀመሪያ እጥበት አስቀምጡ። ከናይትሪክ አሲድ፣ ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ ከክሎሮፎርምና ቤዝ ጋር ግን በፍጹም አታገናኙት፤ ጠርሙሱ ላይም ጻፉበት።

ለግቢው ኮሚቴ ፖስተር ሳይሆን የስቶር መዝገብ ይዛችሁ ቅረቡ፤ የባለፈው ሴሚስተር ወጪ ከዘንድሮው ጎን ይታይ። ከዚያ በፊት ግን የላብ ቴክኒሻኑን አማክሯቸው። ሶሉሽን የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸውና ለውጡን በጊዜ ካልሰሙ እንደ ወትሮው በጀሪካን ያዘጋጁታል፤ የተረፈውም ያው ይደፋል።