ጥያቄና መልስ፦ ገንዘብ የሌለው ምእመን ምድርን እንዴት ይጠብቅ?

ጥያቄ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን መምህር። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው፣ ሦስት ልጆች አሉን፣ ደመወዙ ከወር ወር አያደርሰንም። ትልቋ ልጄ ስለ አካባቢ ጥበቃ ተምራ ከመጣች ወዲህ «ፌስታል አትያዙ፣ ከሰል አታንድዱ» እያለች ቤቱን ሁሉ ትቆጣጠራለች። እኔም ነገሩ በጎ መስሎኝ ልጀምር ብዬ ዋጋ ብጠይቅ፣ የፀሐይ መብራቱም፣ የብርጭቆ ዕቃውም፣ «የተፈጥሮ» የሚባለው ሳሙናም አቅሜ የሚደርስበት አይደለም። ለጊዜው ከአሥራቴ ላይ ባነሣ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? ጎረቤቴ ደግሞ «ምድር በእሳት የምታልፍ ናት፣ አንቺ ስለ ፌስታል ትጨነቂያለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው? እኔን የመሰለ ድሃስ ስለዚህ ነገር በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል?

መልስ፦ የተወደድሽ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከአሥራቱ ልጀምር፣ እሱ አጭር መልስ ያለው ነውና። አታንሺ። አሥራት የእግዚአብሔር ገንዘብ ነው፤ በነቢዩ ሚልክያስ «በቤቴ ውስጥ መብል እንዲሆን አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ» የተባለው ለአገልግሎቱና ለችግረኛው ነው (ሚል. 3፥10)። «ለጊዜው» ብሎ ካነሣ ሰው መካከል መልሶ ሲተካ ያየሁት ደግሞ ጥቂት ነው። ልብሽን አሳርፊ፤ የዘረዘርሻቸውን ዕቃዎች ሳትገዢ ልታደርጊው የምትችዪው ብዙ ነገር አለ፤ አብዛኛው እንዲያውም ወጪሽን የሚቀንስ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ጎረቤትሽ ያነሣችው ነገር ይቅደም፤ ብዙ ምእመን በልቡ ይዞት የሚዞር ሐሳብ ነውና። እውነት ነው፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ምድር በእሳት እንደምትፈተን ጽፏል። ነገር ግን ጥቅሱን እዚያ ላይ አናቁመው፤ ቀጥሎ «ይህ ሁሉ እንዲህ የሚቀልጥ ከሆነ... በቅዱስ ኑሮ እግዚአብሔርንም በመምሰል እንደ ምን ልትሆኑ ይገባችኋል?» ይላል (2 ጴጥ. 3፥10-12)። የማለፏ ነገር እንድንጠነቀቅ የተነገረ እንጂ እንድናቆሽሻት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ሥጋችንም ወደ አፈር ይመለሳል፤ ነገር ግን እናጥበዋለን፣ ሲታመም እናሳክመዋለን፣ ሲሞትም ገንዘን በክብር እናሳርፈዋለን። አዳም ገነት የገባው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው (ዘፍ. 2፥15)። ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር ናቸው፤ እኛ ባላደራዎች ነን። ቤተ ክርስቲያናችንም በጸሎቷ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ወንዙ ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ ትማልዳለች፤ ካህኑ ሲጸልይ «አሜን» ያለ ሰው ወጥቶ ወንዙ ውስጥ ቆሻሻ ቢጥል ጸሎቱን በእጁ አፈረሰው ማለት ነው።

የዓለምን ማለፍ ከማንም በላይ የሚያስቡት መነኮሳት አባቶቻችን ምን እንዳደረጉ ደግሞ ተመልከቺ። ደቡብ ጎንደር የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ አገሩ ሁሉ ታርሶ ራቁቱን ሲቀር፣ አረንጓዴ ሆኖ የቆመ ቦታ ካየሽ መካከሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው ከሌላው ቦታ ሲጠፋ በዐፀደ ቤተ ክርስቲያን ተረፈ። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ከብት እየገባ ችግኙን ሲበላው መፍትሔ የሆነው ነገር ልቤን ይነካዋል፦ የድንጋይ አጥር። ምእመናኑ ከየማሳቸው ድንጋይ እየለቀሙ ደኑን ዙሪያውን ካቡት። ደኑ ታጠረ፣ ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ። ያን ያደረጉት ገበሬዎች ናቸው፣ ካንቺ የሚበልጥ ገንዘብ ያላቸው አይመስለኝም፤ የሸክም ጉልበትና በእጃቸው ያለ ድንጋይ ግን ነበራቸው።

እንግዲህ «ድሃ ይጠየቃል ወይ» ላልሽው፦ ጌታ «ብዙም ከተሰጠው ሰው ሁሉ ከእርሱ ብዙ ይፈለግበታል» ብሏል (ሉቃ. 12፥48)። በቀን ሦስት መኪና የሚያስነሣ ሰውና ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው እኩል አይጠየቁም። ይህን የምልሽ የማይገባሽን ሸክም እንዳትሸከሚ ነው። ሆኖም ድሃው በዚህ ነገር የመጀመሪያው ተጎጂ መሆኑን አትርሺ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነቤታቸው የተቀበሩ፣ ከክምሩ አጠገብ የሚኖሩ፣ ቆሻሻ ለቅመው የሚያድሩ ነበሩ። ያ ክምር ከየቤታችን የወጣ ነው። ፌስታል ስንጥል ነፍስ የሌለው ነገር የጣልን ይመስለናል፤ መንገዱ ግን ወንድማችን ደጅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ጉዳዩ የፍቅር ጉዳይ ነው፣ ድሃም ባለጸጋም በአቅሙ ይሠራዋል። ያቺ መበለት ሁለት ሳንቲም ስትጥል ጌታ ቁጭ ብሎ አይቷታል።

አሁን ወደ ማድቤትሽ እንግባ። አምስቱን እንጀራ አበርክቶ አምስት ሺህ ሕዝብ ያጠገበው ጌታ፣ ከጠገቡ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቁርስራሽ አከማቹ» አላቸው (ዮሐ. 6፥12)። ይህን ቃል ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ማበርከት የሚችል አምላክ ቁርስራሽ ምን ያደርግለታል? ነገም ከነገ ወዲያም ማበርከት ይችል ነበር። ያሰበሰበው ስለጎደለው አይደለም፤ እንጀራ ክቡር ስለሆነ ነው።

እኔ ይህን ቃል የተረዳሁት ትርጓሜ ቤት ከመግባቴ በፊት፣ ገና የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ነው። ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳችንን አንግተን፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ እንለምን ነበር። የተሰጠንን ቁራሽ ሁሉ በአንድ ቀን አንጨርሰውም፤ የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል፣ ዝናብ ከጎጆ በማያስወጣበት ቀን ውኃ ረጨት እያደረግን በበርበሬ እንበላዋለን። አንድ ጓደኛችን ሻጋታ የያዘ ቁራሽ ወደ ገደሉ ሲወረውር የኔታ አዩት። አልተቆጡትም። በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ ቁልቁል ወርደው አነሡት፣ አቧራውን እፍ አሉት፣ ሳሙትና ለደጀ ሰላሙ ውሻ ሰጡት። ተመልሰውም «ይህን የሰጠችህ እናት ከልጆቿ ቀንሳ ነው» ብለውት ዝም አሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ እንጀራ ስጥል እጄ ይንቀጠቀጣል። ያቺ አኩፋዳም እየተሰፋች፣ እየተጠገነች ስንት ዓመት እንዳገለገለችኝ! ፌስታል የማናውቅ ልጆች ነበርን፣ ምንም አልጎደለብንም።

ስለዚህ እኅቴ፣ መጀመሪያ ከቤትሽ ምን እንደሚጣል አንድ ሳምንት ያህል ልብ ብለሽ እዪ። የደረቀ እንጀራ ካለ ድርቆሽ አድርጊው፣ ለፍርፍር ይሆናል። ባቄላና ሽንብራ የምትቀቅዪ ከሆነ ማታ ዘፍዝፈሽ እደሪ፤ ጠዋት ቶሎ ይበስልልሻል፣ መብራቱም ጋዙም ይቀንሳል። ገበያ ስትወጪ ዘንቢል ያዢ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋልና ልጅሽ ስትቆጣ የመንግሥትም ሕግ አብሯት ነው። ቤት ያሉትን የፕላስቲክ ዕቃዎች ግን «አረንጓዴ አይደሉም» ብለሽ እንዳትጥዪ፤ ያለውን እስኪያረጅ መጠቀም አዲስ ብርጭቆ ከመግዛት ይበልጣል። የማይጠቅምሽን ጠርሙስና ቆርቆሮ ለቆራሌው ስጪ፤ ያ ሰው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚያልፈው ሰው ለዚህች ከተማ ብዙ ሠርቶላታል፣ ሰላምታም ይገባዋል። ልብስም ቢሆን ታናሹ የታላቁን ቢለብስ፣ ሰልባጅም ቢገዛ ነውር የለበትም።

የከሰሉ ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በባህላዊ መንገድ፣ አፈር አልብሶ የሚከሰል ሰው አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ያነድዳል። ስለዚህ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስትገዢ ብዙ ዛፍ ገዝተሻል። የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ አብዛኛው ከውኃ የሚገኝ ነው፤ መብራት እያለ በኤሌክትሪክ ብታበስዪ ዛፉ ይተርፋል። ምጣዱ ግን ኃይል ይበላል፣ በተለይ እስኪግል ድረስ። በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንድ ጊዜ ካጋልሽው በኋላ የሳምንቱን ጨርሺ፤ ከጎረቤት ጋር ተራ ገብታችሁ ብትጋግሩማ የቆጣሪው ሂሳብ ራሱ ይነግርሻል። ገጠር ያሉ ዘመዶችሽ ደግሞ ምርጥ የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቢያገኙ ከሦስት ጉልቻው ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል እንጨት ያተርፍላቸዋል፤ እናቶችንም ከጢሱ ያሳርፋል። መብራት ሲጠፋ ከሰል ካነደድሽ ኅሊናሽ አይውቀስሽ፣ ልጆች ጦማቸውን አያድሩም። መስኮቱን ብቻ ክፈቺ፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጢስ ስንት ሰው ገድሏል። ቡናውንም አትተዪ። እናንተ ፎቅ ላይ አራት ቤት አራት ምድጃ ከምታነድዱ በየተራ አንዱ ቤት ብትጠራሩ ከሰሉም ይቆጠባል፣ ያቺ ጎረቤትሽም ትመጣለች።

ስለ ጾም ሳልነግርሽ አላልፍም። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ክርስቲያን ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ይርቃል፤ ጥራጥሬና አትክልት ይበላል። ዛሬ ዓለም ለምድር ይበጃል ብሎ የሚመክረውን ማዕድ እናቶቻችን ሽሮና ምስር ብለው ሲያቀርቡልን ኖረዋል። ይህ ርካሽ ነው፣ ጤናማ ነው፣ ከሁሉ በላይ ቅዱስ ነው። ሆኖም ጾሙን ውድ ያደረግነው እኛው ነን፤ ከውጭ የመጣ፣ በፕላስቲክ የታሸገ «የጾም» ክሬምና ብስኩት እየገዛን፣ በፋሲካ ዕለት ደግሞ የማንጨርሰውን እያረድን። በኢሳይያስ የተጻፈው ጾም ምን እንደሚል ታውቂዋለሽ፦ እንጀራህን ለተራበው ቁረስ (ኢሳ. 58፥7)። በጾም የቀረው ገንዘብ ለድሃው የሚሆን ነው። ስለዚህ ጥያቄሽ እንዲህ ቢገለበጥ ደስ ይለኛል፦ ከአሥራትሽ አንሥተሽ ዕቃ ከምትገዢ፣ በዘፈዘፍሽው ባቄላና ሰው በሌለበት ክፍል ባጠፋሽው አምፖል ከተረፈሽ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለምጽዋት ይውጣ።

እኛ አገልጋዮችም ከወቀሳ አናመልጥም። ጥምቀት አልፎ ባሕረ ጥምቀቱ አካባቢ የሚቀረውን የውኃ ፕላስቲክ አይቼ ያፈርኩበት ጊዜ አለ። ማኅበራችንም ዝክራችንም ተጥሎ በሚቀር ኩባያና ሳህን ሆኗል። ጠበል ስትሄዪ ቤት ያለውን ዕቃ አጥበሽ ይዘሽ ሂጂ፤ በማኅበርሽም «ጣሳና ብርጭቆ ከየቤታችን እናምጣ፣ አብረን እናጥባለን» በዪ። አንዷ ካነሣችው ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ይህን በሰንበቴዎች አይቼዋለሁ።

ልጅሽን በተመለከተ፣ ያላት ቅናት ከእግዚአብሔር ነውና አታጥፊባት። ነገር ግን አባቷን በእንግዳ ፊት እንዳታሳፍር፣ ከሰል የምትሸጠውን ሴትዮም እንዳትንቅ ቁጭ አድርገሽ አስረጃት፤ ያቺ ሴት ልጆቿን የምታበላው በዚያ ነው። ሥራም ስጫት። ቢጫውን የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ቆርጠሽ፣ ከሥሩ ቀዳዳ አውጥተሽ፣ አፈርና የበሰበሰ ልጣጭ ሙዪበትና በረንዳው ላይ ጎመን ትዝራ፣ ከጎኑ ጤና አዳም ትትከል። ሽንኩርትና አትክልት ያጠብሽበትን ውኃ ለእሱ ታጠጣው። ለጤና አዳሙ ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ ምረጡለት፣ ውኃም አታብዙበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።