ኤርታሌን ለማየት ለምትነሡ ልጆቼ

አንዲት የጂኦሎጂ ተማሪ «ጋሼ፣ ለኤርታሌ ስንት ቀን ይበቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለእሳቱ አንድ ሌሊት» አልኳት። እሷ አመስግናኝ ሄደች፤ እኔ ግን ስለ አገሩ ሰው ምንም ስላላልኳት እንቅልፍ አጣሁ።

ወጣት ሳለሁ ለጥናት ወደ ዳናክል ስንወርድ፣ ከበራህሌ በታች ከአሳሌ ሐይቅ ጨው ጭነው የሚመለሱ ግመሎች አገኘን። መንገድ መሪያችን፣ አንድ የአፋር ሽማግሌ፣ መኪናውን አስቁመው ወረዱና ከግመል ነጂው ጋር ቁጢጥ ብለው ዳጉ ጀመሩ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይነጋገር አይተላለፍም። አንዱ ያወራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ውሃው፣ ሣሩ፣ የታመመው ሰው፣ የጠፋው ግመል ሁሉ ይነገራል። ሹፌራችን ጥሩምባውን ያስጮኻል፤ አለቃችን ሰዓቱን ያያል። በወሬው መካከል ግመል ነጂው በዱላው አሸዋው ላይ ረጅም መስመር አሰመረ፤ በአጭሩም አቋረጠው። ሽማግሌው ሲመለሱ «ምን አለ?» አልን። አስተርጓሚው «ሰላም ነው» ብሎ ዘጋው። ያን ሁሉ ወሬ! መስመሩ የመሬት ስንጥቅ ይሁን የግመል መንገድ፣ ይኸው ሸመገልኩ፣ አላወቅሁም።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በደባሁ ተራራ በኩል ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ እስከ 8 ሜትር ስትከፈት ትዝ ያለኝ ያ አሸዋ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርታሌ ብዙም የማይርቀው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ተራራ ነው። ማን መዘገበና! እናንተ አመዱ እስከ ሕንድ መድረሱን የሚያሳየውን የሳተላይት ፎቶ ስትቀባበሉ ሰነበታችሁ፤ በአፍዴራ በኩል ግጦሹ አመድ የለበሰበትን አርብቶ አደር፣ አያቱ ስለዚያ ተራራ ምን ይሉ እንደነበር የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

ጣሊያኖች ለዳሎል ፖታሽ፣ ለማዳበሪያ ለሚሆነው ማዕድን፣ ብለው ከቀይ ባሕር ዳር ከመርሳ ፋጥማ የዘረጉት የባቡር ሐዲድ ታሪክ በወረቀት ላይ አለ። አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ አገር ማዳረሱም እንዲሁ ተጽፏል። ጨው ነጋዴዎቹ የጋለ ድንጋይ በሊጥ ጠቅልለው የሚጋግሩትን ብርኩታ ግን መጽሐፍ አላቀመሰኝም፤ እነሱ ናቸው ቆርሰው የሰጡኝ። ጥርስ ይፈትናል፣ ግን ይጣፍጣል።

እሳቱን ናቁት አላልኩም። እኔም ነገ ውሰዱኝ ብላችሁ ብትጭኑኝ መጀመሪያ የምሮጠው ወደ እሳቱ ነው። ውሃና ጫማውን አስጎብኚው ይነግራችኋል። እናንተ አስተርጓሚያችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ተዋዋሉት፤ ዳጉ ላይ የተባለውን አንድ በአንድ ይንገራችሁ። ሹፌሩንም ጥሩምባውን እንዳይነካ አስጠንቅቁት።