ዘይቱ ጠቆረ ብለህ አትደንግጥ

ከሐይቅ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ድንጋይ በሚወጣበት ካባ ላይ የሚሠራ ሎደርና አንድ አይሱዙ አለህ። ዘይት በተቀየረ በሦስተኛው ቀን ይጠቁራል። ሾፌሩ «ይቀየር» ይላል፤ አንተ ደግሞ ፎርጅድ ዘይት ሸጡልኝ ብለህ ሠግተሃል።

አብሽር። እኔን የሚገርመኝ ባይጠቁር ነው። ናፍጣ ሲቃጠል ጥላሸት ያወጣል፤ ጥላሸቱ ሞተሩ ላይ እንዳይጋገር ይዞ መቆየት የዘይቱ ሥራ ነው። ፎርጅዱንም በቀለም አትለየውም። ማኅተሙ ያልተነካ ጀሪካን ከምታምነው ሱቅ ግዛ።

ሎደሩን በሰዓት ቆጣሪው ሂድ። ብዙዎቹ ማሽኖች በ250 ሰዓት ዘይትና ፊልትሮ ይፈልጋሉ። መመሪያው 500 ቢልህም፣ በካባ አቧራ ለሚውል ማሽን እኔ አልደፍረውም። ቆጣሪው ከሞተ መጀመሪያ እሱን አሠራ። ሐርቡ አካባቢ አንዱ ባለ ሎደር በቀለም ሲገምት ከርሞ ብሮንዚናውን (የሞተሩን ዘንግ የሚይዘውን ኩሽኔታ) አስበልቶ መጥቶብኛል።

ሰው የሚሳሳተው አይሱዙው ላይ ነው። ኪሎ ሜትር ብቻ ያያል። መኪናህ ጭነት ሲጠብቅ ሞተሩ ሳይጠፋ በቀን 2 ሰዓት ይቆማል እንበል። በ25 የሥራ ቀን 50 ሰዓት መጣ። እኔ አንዱን ሰዓት እንደ 40 ኪሎ ሜትር ነው የምቆጥረው፤ 2,000 ሆነ። ቆጣሪው 3,000 ሲልህ ዘይቱ 5,000 ሠርቷል።

ደሴ አድሮ በጠዋቱ ብርድ ግማሽ ሰዓት በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረግጥ ሞተሩን አስነስቶ የሚያቆም ሾፌርም አለ። ቀዝቃዛ ሞተር ናፍጣውን ጨርሶ አያቃጥልም፤ የተረፈው በፒስተኑ ቀለበቶች፣ በፋሻዎቹ አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። እናም የዘይት መለኪያ ዘንጉን ስትመዝ ዘይቱ ጨምሮ ካገኘኸው «ዘይት አይበላም» ብለህ ደስ አይበልህ። አሽትተው። ናፍጣ ናፍጣ ካለ፣ በጣቶችህ መሃልም ከቀጠነብህ፣ ሰዓቱን ሳትጠብቅ ቀይር፤ ናፍጣ የሚረጨውን ኢንጀክተርም አስፈትሽ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታል። ሞተሩን እንዳታስነሳው!

ከተጠራጠርክ ከመለኪያው አንድ ጠብታ የሚመጥ ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፍና አሳድረው። ጥቁሩ ወደ ዳር እየሳሳ ከተዘረጋ ዘይቱ ገና ነው። መሃል ላይ ተከማችቶ ጠርዙ በጥቁር ከተሰመረ ጥላሸቱን መሸከም አቅቶታል።

ስትቀይር ሞተሩ ሞቅ እንዳለ አፍስሰው፤ ደለሉ አብሮ ይወጣል። አሮጌውን ፊልትሮ ወዲያው አትጣል። በመጋዝ ክፈተውና ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርጋው። የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካየህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።