41 ጎል በአንድ ቅዳሜ፦ ስለ ጥር 28 እና 29፣ 2003 ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ካሳየን ቅዳሜና እሁዶች ሁሉ የትኛው ይበልጣል የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ብዙዎቻችሁ ማንቸስተር ሲቲን በመጨረሻው ቀን ሻምፒዮን ያደረገችውን የአጉዌሮን ጎል ጠራችሁ። እኔ ጥር 28 እና 29፣ 2003 (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 እና 6፣ 2011) ይበልጣል አልኩ። ከዚያ ጥያቄው ስለበዛ ቁጭ ብዬ ልመልስ። የቀሩትን ቀኖች እ.ኤ.አ. ነው የምጠቅሰው፣ እንዳንምታታ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ መጀመሪያ ውጤቶቹን ሁሉ ጻፍልን። እኔ የማስታውሰው የአርሰናልን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ስምንት ጨዋታ ነበር። ኒውካስል 4 አርሰናል 4። ኤቨርተን 5 ብላክፑል 3። ዊጋን 4 ብላክበርን 3። ስቶክ 3 ሰንደርላንድ 2። ማንቸስተር ሲቲ 3 ዌስትብሮም 0። ቶተንሃም 2 ቦልተን 1። አስቶንቪላ 2 ፉልሃም 2። ማታ ላይ ደግሞ ዎልቭስ 2 ማንቸስተር ዩናይትድ 1። ደምሩት፣ 41 ይመጣል። ሊጉ ወደ 20 ክለብ ከተቀነሰ ወዲህ እስከዚያ ቀን ድረስ በአንድ ቀን ይህን ያህል ጎል ገብቶ አያውቅም ነበር። እሁድ ግን ዌስትሃም 0 በርሚንግሃም 1፣ ቼልሲ 0 ሊቨርፑል 1። ሁለት ጎል ብቻ፣ ነገር ግን ከሁለቱ አንዷ ዓመቱን ሙሉ የተወራላት ናት።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ወንድሜ፣ አርሰናል 4 ለ 0 እየመራ እንዴት ነው ያ ሁሉ የሆነው? የዚያን ዕለት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ጨዋታውን በዓይኔ አላየሁም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ዎልኮት አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አገባ። ጁሩ በሦስተኛው ደቂቃ በጭንቅላት ደገመ። ቫን ፐርሲ በ10ኛውና በ26ኛው ደቂቃ ጨመረ። በእኛ አቆጣጠር ጨዋታው የተጀመረው ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉ ያለቀ መሰለ። የኒውካስል ተከላካዮች በመጀመሪያው አጋማሽ ሜዳ ላይ አልነበሩም ቢባል ማጋነን አይደለም።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ጁሩ ተጎድቶ ወጣ፣ ስኪላቺ ገባ። እኔ ከቀይ ካርዱ እኩል የምቆጥረው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም በዚያን ወቅት የአርሰናልን የኋላ መስመር አረጋግቶ የያዘው ጁሩ ነበር። ወዲያው በ50ኛው ደቂቃ የኒውካስሉ ጆይ ባርተን በአርሰናሉ ዲያቢ ላይ በኃይል ገባበት። ዲያቢ ተነስቶ የባርተንን አንገት ከኋላ ይዞ ገፈተረው፣ ኖላንንም ገፋው። ዳኛው ፊል ዳውድ ቀይ አወጣ። በሕጉ ትክክል ነው። ግን የዲያቢንም ነገር ማወቅ አለብህ፤ በሜይ 2006 ሰንደርላንድ ላይ በደረሰበት ክፉ አገባብ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ነበር፣ ከዚያ በኋላም ጉዳት ለቆት አያውቅም። እንደዚያ ዓይነት እግር ሲመጣበት ደሙ ቢፈላ አይገርመኝም። ካርዱ ግን ያው ካርድ ነው።

ከዚያ በ68ኛው ደቂቃ ኮሲየልኒ ሊዮን ቤስትን ጣለ፣ ባርተን ፍጹም ቅጣት ምቱን አገባ። ኳሱን ከመረብ አውጥቶ ወደ መሃል ለመሮጥ በኖላንና በግብ ጠባቂው ሼዝኒ መሃል ግብግብ ሆነ። ስታዲየሙ የተቀጣጠለው ያኔ ነው። በ75ኛው ቤስት ሁለተኛውን ጨመረ። በ83ኛው ሮሲስኪ ዊልያምሰንን ገፋ ተብሎ ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፣ ባርተን ደገመ። 87ኛው ደቂቃ ላይ ከቅጣት ምት የተሻማውን ኳስ ተከላካዮቹ በጭንቅላት ሲያወጡት ቼክ ቲዮቴ ከሳጥኑ ውጪ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በግራ እግሩ መሬት ሳይነካ መታው። ሼዝኒ ሊደርስበት የሚችል ኳስ አልነበረም።

በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ አራት ጎል መርቶ ሳያሸንፍ የቀረ የመጀመሪያው ቡድን አርሰናል ሆነ።

ጥያቄ፦ ዳኛው አይደል እንዴ የዘረፈን? ሁለተኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሐሰት ነው።

ሁለተኛው ቀላል ነበር፣ እኔም አልሰጠውም ነበር። ግን ሒሳቡን ሙሉ አድርገው። ኒውካስል ገና ሳያንሰራራ ቤስት ያገባት አንዲት ጎል ከጨዋታ ውጪ ተብላ ተሽራለች፤ ምስሉ ተደግሞ ሲታይ ከተከላካዩ አላለፈም ነበር። ቪዲዮ ዳኝነት ወደ ሊጉ የገባው በ2019 ነው። በዚያን ቀን ቢኖር ኖሮ አንዱን ፍጹም ቅጣት ምት ሲወስድብህ አንዲት ጎል ይመልስላቸው ነበር። 4 ለ 4 ዳኛው የሰጠው ውጤት አይደለም፣ በ10 ሰው 40 ደቂቃ ኳስ መያዝ ያቃተው ቡድን ያመጣው ነው።

ጥያቄ (ከመቐለ)፦ ስለ ቲዮቴ ትንሽ ብትነግረን።

ኮትዲቯራዊ አማካይ ነበር። ከሆላንዱ ትዌንቴ በ2010 ክረምት ወደ ኒውካስል መጣ። ሥራው ኳስ መንጠቅና ለቅርብ ሰው ማቀበል እንጂ ጎል ማግባት አልነበረም፤ በኒውካስል ማሊያ ብዙ ዓመት ተጫውቶ ያገባው ያችን አንዲት ጎል ብቻ ነው። ጎሉን ካገባ በኋላ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሮጦ በደረቱ ሲንሸራተት፣ ጓደኞቹ ሁሉ ከላዩ ላይ ሲከመሩበት ታያለህ። በጁን 2017 ቻይና ውስጥ ልምምድ ላይ ሳለ ወድቆ አረፈ። ገና 30 ዓመቱ ነበር። ነፍሱን ይማር። የኒውካስል ሰዎች ዛሬም ያችን ኳስ ሲያነሱ ስሙን በፍቅር ነው የሚጠሩት።

ጥያቄ፦ አርሰናል ዋንጫ ያጣው በዚያ ቀን ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

አይደለም። ከጨዋታው በፊት ዩናይትድ 54፣ አርሰናል 49 ነጥብ ነበራቸው። ዩናይትድ በዚያው ማታ ስለተሸነፈ ልዩነቱ እንዲያውም ወደ 4 ጠበበ። አርሰናል ቢያሸንፍ ኖሮ 2 ይሆን ነበር፣ ይህ እርግጥ ያንገበግባል። በመጨረሻ ግን ዩናይትድ በ80 ነጥብ 19ኛ ዋንጫውን ሲያነሳ አርሰናል በ68 አራተኛ ሆነ። የኒውካስልን ሁለት ነጥብ ጨምርለት፣ 70 ይሆናል። ሦስተኛው ሲቲ 71 ነበረው። ደረጃው እንኳን አይለወጥም።

የጎዳው ሌላ ነው። በፌብሩዋሪ 27 ዌምብሌይ ላይ በካርሊንግ ካፕ (የሊግ ዋንጫ) ፍጻሜ ኮሲየልኒና ሼዝኒ ተደናግረው ለበርሚንግሃም የድል ጎል አስረከቡ። ከዚያ በኋላ ከቀሩት 11 የሊግ ጨዋታዎች ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው። ቶተንሃም ላይ 3 ለ 1 መርቶ 3 ለ 3 ወጣ። መሪነትን ይዞ መንቀጥቀጥ የጀመረው ኒውካስል ላይ ነው ብትሉኝ እስማማለሁ። ዋንጫው ግን በዚያ ቀን አልጠፋም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ እኔ የማንቼ ደጋፊ ነኝ፣ ዎልቭስን ረስተኸው እንዳይሆን። ስንት ጨዋታ ነበር ሳንሸነፍ የቆየነው?

29 የሊግ ጨዋታ፣ ካለፈው ዓመት ኤፕሪል ጀምሮ። ዎልቭስ ደግሞ የደረጃው መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሪዮ ፈርዲናንድ ሲያሟሙቅ ተጎዳና ጆኒ ኢቫንስ በድንገት ገባ። ናኒ በሦስተኛው ደቂቃ ሲያገባ የተለመደው ነገር ነው ተባለ። በ10ኛው ኤሎኮቢ በጭንቅላት አቻ አደረገ፣ ከእረፍት በፊት ዶይል፣ እሱም በጭንቅላት፣ ሁለተኛውን። ሁለቱም ጎሎች ከቆመ ኳስ የተነሱ ናቸው። የአሰልጣኝ ማካርቲ ቡድን በዚያ ዓመት ሲቲን፣ ሊቨርፑልንና ቼልሲንም አሸንፏል፤ በትልልቆቹ ላይ ተነስቶ በእኩዮቹ ላይ የሚወድቅ እንግዳ ቡድን ነበር።

ጥያቄ፦ ለምንድን ነው ያን ሳምንት ከሌላው ታስበልጣለህ? ጎል ስለበዛ ብቻ ከሆነ አያሳምነኝም።

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጎሉ አይደለም። ሁላችንም ላይ ላዩን እያየን ታች የተወሰነውን አላየንም፣ ለዚህ ነው።

የዓመቱን መጨረሻ ሰንጠረዥ አስቡት። ዊጋን 42፣ ዎልቭስ 40፣ በርሚንግሃም 39፣ ብላክፑል 39፣ ዌስትሃም 33። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ወረዱ። አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ተመለሱ። ዎልቭስ ዩናይትድን ባያሸንፍ፣ አቻ እንኳን ቢወጣ፣ 38 ላይ ይቀርና ይወርድ ነበር። ዊጋን ብላክበርንን ባያሸንፍና ቢሸነፍ 39 ላይ ሆኖ በጎል ልዩነት ይለካ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ኤቨርተን ነው። ብላክፑል ጉዲሰን ፓርክ ላይ በፐንቺንና በቻርሊ አዳም ጎሎች 3 ለ 2 እየመራ ነበር፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው። ሉዊስ ሳሃ አቻ አደረገ፣ ቤክፎርድ አስቀደመ፣ ሳሃ እንደገና ጨመረ። ሳሃ በዚያ ቀን ብቻውን አራት አገባ። የብላክፑሉ አሰልጣኝ የሆሎዌይ ልጆች ያን መሪነት ቢጠብቁት 42 ነጥብ ይዘው በሊጉ ይቆዩ ነበር። 18ኛ ሆኖ የሚወርደው ደግሞ ዎልቭስ ነበር! ማለትም ዎልቭስን በዚያ ቅዳሜ ያዳኑት ኤሎኮቢና ዶይል ብቻ አይደሉም፤ ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ ስለ ዎልቭስ ምንም ያላሰበው ሳሃም አድኗቸዋል። አንድ ውጤት ሲለወጥ ሌላውም ሊለወጥ እንደሚችል አውቃለሁ፣ ነጥቡ ግን ያው ነጥብ ነው። በሜይ 22 የመጨረሻው ቀን ላይ ዎልቭስ በሜዳው ተሸንፎ እንኳን የተረፈው በእነዚህ ነጥቦች ነው።

እኛ አገር ኳስ ቤት ውስጥ የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊ ሲፎካከር ስለሚያመሽ ይህ ክፍል ሳይነገር ይቀራል። ለብላክፑል ግን ያ ሩብ ሰዓት የክለቡ ዕጣ ነበር፤ ከወረደ በኋላ እስከ ዛሬ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አልተመለሰም።

ጥያቄ፦ ጎሉ ለምን በዛ? ምሥጢር አለው?

ምሥጢር የለውም፣ ምክንያት ግን አለው። ሁሉም ቡድኖች ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ተጫውተው ነው የመጡት፣ እግር ደክሟል። ፍጹም ቅጣት ምት በዝቷል፤ ባርተን ሁለት፣ የሲቲው ቴቬዝ ሁለት፣ የቶተንሃሙ ቫን ደር ቫርት፣ የዊጋኑ ዋትሰንና የብላክበርኑ ደን አንድ አንድ፣ ሰባት ገቡ። በተጨማሪ ዎልኮት በ1ኛው፣ የሰንደርላንዱ ሪቻርድሰን በ2ኛው፣ ናኒ በ3ኛው፣ ቫን ደር ቫርት በ6ኛው ደቂቃ አግብተዋል። ቀድሞ የተቆጠረበት ቡድን ዘግቶ መጫወት አይችልም፣ ጨዋታው ይከፈታል።

ጥያቄ (እናት ነኝ፣ ልጄ የቼልሲ ነው)፦ ቶሬስ በዚያ ቀን ነው የጀመረው?

አዎ እናቴ፣ እሁድ፣ ያውም በቀድሞ ክለቡ ላይ። ጃንዋሪ 31 ቼልሲ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎበት ነበር፣ የእንግሊዝ ክብረ ወሰን። በዚያው ቀን ሊቨርፑል በ35 ሚሊዮን አንዲ ካሮልን ከኒውካስል ወሰደ፤ ኒውካስል ያችን 4 ለ 4 የተጫወተው ዋና አጥቂውን በሸጠ በአምስተኛው ቀን ነው። የሊቨርፑሉ አሰልጣኝ ዳልግሊሽ ካራገርን፣ ሽከርትልንና አገርን ሦስት አድርጎ ኋላ አሰለፈ፣ ቶሬስም መላወሻ አጣ። በ66ኛው ደቂቃ ተቀየረ፣ በ69ኛው ሜይሬሌስ አገባ። የቶሬስ የመጀመሪያ የቼልሲ ጎል የመጣችው በኤፕሪል መጨረሻ ዌስትሃም ላይ ነው። ልጅዎ ከሚሰማው ስድብ ሁሉ ግን ቶሬስ በሙኒክ የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ እንዳነሳም ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ከዚያ ሳምንት የተባረረ አሰልጣኝ ነበር ልበል?

ዲ ማቴዮ። ቴቬዝ በመጀመሪያው አጋማሽ ሃትሪክ ሠርቶባቸው በማግስቱ ዌስትብሮም አነሳው። በቦታው ከአንድ ወር ገደማ በፊት ከሊቨርፑል የተሰናበተው ሮይ ሆጅሰን ገባ፣ ክለቡንም አተረፈ። ዲ ማቴዮ ቼልሲ ገብቶ ረዳት ሆነ፣ ቀጥሎም ጊዜያዊ አሰልጣኝ። በሜይ 19፣ 2012 ባየርንን በገዛ ሜዳው በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ አነሳ።

ጥያቄ፦ አንዱን ጨዋታ ብቻ ሙሉውን ልይ ብል የትኛውን?

ኤቨርተንና ብላክፑልን። የኒውካስሉን ጎሎች ሁሉም አይቷቸዋል። ጉዲሰን ላይ ግን ብላክፑል 3 ለ 2 እየመራ እንኳን ወደ ኋላ ሳይሰበሰብ ለአራተኛው ጎል ሲሮጥ ታያለህ። በዚያ ምክንያት ተሸነፉ፣ በዚያው ምክንያት ነው ያን ዓመት የወደድኳቸው።