ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ማን ይቁምላት?

ጥያቄ፦ ውድ ሲስተር፣ በድሬዳዋ ገንደ ቆሬ የአንድ እድር ዳኛ ነኝ። ከግቢያችን አጠገብ ከሞቃዲሾ ተሰዳ የመጣች፣ ቀድሞ ቀብሪበያህ መጠለያ የነበረች ሴት ተከራይታ ትኖራለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የስደተኛ መታወቂያዋን ይዛ ለክትትል ጤና ጣቢያ ብትሄድ ካርድ ክፍል «የቀበሌ መታወቂያ አምጪ» ብለው መለሷት። ባለቤቴም አብራት ሄዳ መልሱ ያው ሆነ። ሕጉ ምን ይላል? እድሩስ አባል ላልሆነች፣ ያውም ለውጭ ዜጋ፣ ገንዘብ ማውጣት ይችላል? አባላቱ ለሁለት ተከፍለዋል።

መልስ፦ የተከበሩ ዳኛ፣ የገንዘቡን ነገር ለኋላ ያቆዩት። ባለቤትዎ ዛሬውኑ ይጠይቋት፤ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም ደም አለ? አንዱ እንኳን ካለ ባጃጅ ጠርታችሁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። የመታወቂያው ክርክር እዚያ ደርሳችሁም ይደርሳል።

ወደ ሕጉ ልምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት የሚሰጠው ለኢትዮጵያ ዜጎች ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ግን ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት እንደሚያገኝ ደንግጓል። «ያለውን» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ፤ ለእኛ የሌለው መሣሪያ ለእሷ አይመጣላትም፣ ለእኛ ያለው ግን አይከለከላትም። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የሕፃን ክትባት ደግሞ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። ኪስ የሚነካው «ከውጭ ግዙ» የሚባለው መድኃኒት ነው።

ካርድ ክፍል ያለውን ልጅ አልረግመውም። ፊቱ የተዘረጋው መዝገብ «ቀበሌ» የሚል ዓምድ አለው፤ ባዶ ከተወው ይጠየቅበታል። ደግሞስ እኔ ማን ነኝ? ጀማሪ አዋላጅ ሳለሁ ከጠረፍ የመጣች አንዲት ሴት ካርድ ስላልያዘች «እስኪወጣልሽ ጠብቂ» ብዬ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥኳት። ስመለስ ግድግዳውን ተደግፋ ታምጣለች። ልጁን የተቀበልኩት ትከሻዋ ላይ በጣለችው በገዛ ጋርባሳሯ (ሻሿ) ላይ ነበር። ሁለቱም ደህና ወጡ፤ እኔ ግን እስከ ጡረታዬ ድረስ ያን ኮሪደር በዝግታ አልፌው አላውቅም።

እናም በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤትዎ ሳይሆኑ እርስዎ ራስዎ አብረው ይሂዱ። በድሬዳዋ ሶማልኛ መናገር ማንንም እንግዳ አያደርግም፤ ሴትየዋ ገበያም ብትሄድ የሰፈር ልጅ ናት፤ እንግዳ የምትሆነው መስኮቱ ጋ ስትደርስ ብቻ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ጋ ሰው ይቁምላት። «በአካባቢያችን በዚህ የቤት ቁጥር ትኖራለች» የምትል አጭር ደብዳቤ ጽፈው የእድሩን ማኅተም ያሳርፉባት። ማኅተሙ የተቀረጸው ለቀብር ወጪ ብቻ አይደለም። የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ይዘው ይሂዱ፤ ቤቱን ታውቀዋለች፣ ምስክርነቷም ከእኔና ከእርስዎ ይልቅ ይሰማል። አሁንም እምቢ ካሉ ከካርድ ክፍሉ ጋር አይከራከሩ፤ የአዋጁን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ይግቡ።

ገንዘቡን በተመለከተ መተዳደሪያ ደንባችሁ «ለአባል ብቻ» የሚል ከሆነ ሳጥኑን እንዳይነኩ። ጉባኤው ሳይወስን የወጣ ብር ነገ ለእርስዎ ክስ፣ ለእሷም ክፉ ስም ይሆናል። ይልቅ አባል ትሁን። ይህ ጉዳይ በእኛም እድር ተነስቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ብትሞት እኮ ድንኳን እንተክልላታለን» ሲሉ ገንዘብ ያዣችን «ድንኳኑን ከማውጣት የባጃጁ ይረክሳል» አለች፤ ጉባኤው ስቆ አጸደቀ። መዋጮው በየወሩ ከበዳት እንደሆነ ፈቃደኛ የሆነ አባል ይሸፍንላት፤ ስሟ ብቻ መዝገብ ላይ ይግባ።

ስትወልድ ደግሞ ከጤና ጣቢያው የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ሳትቀበል እንዳትወጣ። ስደተኞች ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት ማስመዝገብ ይችላሉ፤ ጊዜው 90 ቀን ነው። ከመፈረሟ በፊት ስሟን ከስደተኛ መታወቂያዋ ጋር ያስተያዩ። አንዱ ወረቀት ላይ ፋዱማ፣ ሌላው ላይ ፋጡማ ተብሎ ከተጻፈ እንደገና መስኮት ለመስኮት መዞር ነው።