ስለ ኢትዮ ጃዝና ስለ አዲሶቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች ጠይቁኝ

ፒያሳ ሸክላ ሳገላብጥ ነው ያደግኩት። ኢትዮ ጃዝ ማለት የኛ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚሠራበት የድምፆች ስልት፣ ከጃዝ ጋር ሲዋሃድ ነው። ዛሬ ማታ እስከ አራት ሰዓት እመልሳለሁ። አንድ አደራ ብቻ፦ ዓመት ስትጽፉ የኛ ይሁን የፈረንጅ ለዩ። እኔ የምጽፈው በፈረንጅ ነው።

የካዛንቺሷ፦ ጋሼ፣ የኢትዮ ጃዙን የሙላቱ አስታጥቄን የ1966 ሸክላ እየፈለግሁ ነው። የትኛው ነው?

መልስ፦ ይኸው፣ አደራዬ ተረሳ። የፈረንጅ 1966 ከሆነ፣ ኒውዮርክ የቀዳው «አፍሮ ላቲን ሶል» ነው። የኛ 1966 ከሆነ ግን በአምሃ ሪከርድስ የወጣው «ኢትዮ ጃዝ» ነው፤ እሱ በፈረንጅ 1974 ነው። በመሃላቸው የ1972ቱ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አለ። ሦስቱን በተርታ ስሚያቸው። መጀመሪያው ላይ ቫይብራፎኑ፣ ያ በዱላ የሚመታው ባለ ብረት መሣሪያ፣ የላቲኑን ምት ይከተላል። መጨረሻው ላይ ምቱ ራሱ ለቅኝቱ ይገዛል።

ባለጊታሩ፦ አሪፍ ጃዝ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ማንን እንደምትወድ ጻፍና ተመለስ።

የሰባ ደረጃው፦ አዲሶቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የሚሠሩት ማሲንቆ ላይ ኮምፒዩተር መጫን አይደል እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ነገሩም ከነሱ አልጀመረም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ የሚባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ከበሮ የሚመታ ማሽን፣ በቃ። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አኮርዲዮኑ ግን የድሮውን ዜማ እያስረዘመ ከላዩ ይንሳፈፋል። ኃይሉ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ነው ዓለም የሰማው። በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ።

የሚካኤል «የአራዳ ልጅ» እና የእንደገና «ቀን ሰባት» ሁለቱም የ2014 ናቸው። የሚካኤል «ዘላለም» በ2016 ተከተለ። እኔ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ የማሽኑን ምት በሐሳብህ አውጣው፤ ቅኝቱ ብቻውን ይቆማል? አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት አስብ። አምስት ድምፅ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠጋጉ አሉ፣ ከዚያ ሰፊ ክፍተት ይመጣል። ማሲንቆ ላይ ጣት በአንዷ ክር ሲንሸራተት በድምፆቹ መሃል ያለው ሁሉ ይሰማል። ያንን በኮምፒዩተር «አስተካክለህ» ፒያኖ ላይ ብታስቀምጠው እንጉርጉሮው ይጠፋል። ማሲንቆን እንደ ቅመም ጣል የሚያደርግና ከማሲንቆው የሚነሳ ሰው ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው።

የካዛንቺሷ፦ አዝማሪ ቤት ማሲንቆው ለተሰጠው ግጥም መልስ ይሰጣል። ኮምፒዩተር ይመልሳል?

የሰባ ደረጃው፦ አዝማሪ ቤትም እኮ ማይክ ገብቷል። ያኔ ማን ተቃወመ?

የካዛንቺሷ፦ ማይክ ድምፅ ያጎላል እንጂ በአዝማሪው ፋንታ አይጫወትም!

መልስ፦ ልጆች፣ ይህን ለብቻችሁ ተከራከሩበት። ጥሩ ክርክር ነው፤ ግን ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው።

እንግዳ፦ ትዝታ ዘፈን ነው ቅኝት?

መልስ፦ ሁለቱም። ይህን በየጊዜው እጠየቃለሁ።

ባለጊታሩ፦ ተመለስኩ። ሶል እወዳለሁ።

መልስ፦ ሶል የኔ መስክ አይደለም። ከድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ ጀምር። የቀረውን ሌላ ሰው ይንገርህ።

ተማሪ፦ የፒያኖ ተጫዋቹ የሳሙኤል ይርጋ አልበም «ጉዞ» የ2012 ነው ይላሉ። የኛ ነው የፈረንጅ?

መልስ፦ የፈረንጅ። ተባረክ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ። ያሳተመው ሪል ወርልድ የሚባል የሙዚቃ አሳታሚ ነው። ፒያኖ እንደ ማሲንቆ ባይንሸራተትም፣ ከቅኝት ጋር ጨርሶ አይስማማም የሚልህ ሰው ካለ ይህን አሰማው። መጀመሪያ ግን ስልክህን አስቀምጥና፣ በደህና ማዳመጫ፣ ራስህ እስከ መጨረሻው ስማው።